«ታስረው ያውቃሉ?» የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ቪዛ ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ቆንስላ የሚቀርብ ሰው ከሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ አጭሩና አስጨናቂው «በማናቸውም ጥፋት ተይዘው ወይም ተፈርዶብዎት ያውቃሉን?» የሚለው ነው። በከባድ ወንጀል ዓመታት የታሰረ ሰው በዚህ ጥያቄ ብዙ አያመነታም፤ ነገሩ የታወቀ፣ መዝገቡም የተቀመጠ ነውና። የሚያመነታው በጉብዝናው ወራት በሠፈር ጠብ ተይዞ አንድ ሌሊት ጣቢያ ያደረ፣ ወይም በሰልፍ መካከል ተገኝቶ ከብዙዎች ጋር ታፍሶ በማግሥቱ የተለቀቀ፣ ከዚያም ትዳር ይዞ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ነገሩን ለባለቤቱ እንኳ ሳያነሣ የኖረ ሰው ነው። «አዎን» ቢል ፈቃዱን የሚያጣ ይመስለዋል፤ «የለም» ቢል ደግሞ ማን ያውቅብኛል ይላል። ከዚያም ምክር ፍለጋ ወደ ሕግ ባለሙያ ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ከየት እንደ መጣና የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ምን ትርጉም እንደ ሰጡት ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ሕጉ ከጊዜ በኋላ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መጠየቅ ጀምሯል። አንደኛው ጥፋቱ ሰውየውን ከመግባት የሚያግድ ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውየው ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሯል ወይ የሚል ነው። በመጀመሪያው በኩል ሕጉ ለቀላል ጥፋት መውጫ አበጅቷል፤ በሁለተኛው በኩል ግን እየጠነከረ ሄዷል። ባለጉዳዩ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አሜሪካ ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ወደ ወደቦቿ የሚመጣውን እንግዳ ያለፈ ሕይወቱን የሚመረምር አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ አልነበራትም። በ1875 በወጣው ሕግ በአገራቸው በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው ቅጣታቸውን በመፈጸም ላይ ያሉ ሰዎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ፖለቲካዊ ወንጀል ግን ከክልከላው ውጭ ሆነ። በ1891 የወጣው ሕግ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ዳኞችን የሚያከራክረውን ሐረግ አስገባ፤ ይኸውም «የጠባይ ብልሹነት ያለበት ወንጀል» የሚለው ነው። ሕግ አውጪው ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይተረጉም ትቶታል። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአልኮል መጠጥ ቀረጥ ላይ መንግሥትን ለማታለል የተዶለተ ሤራ በዚህ ሐረግ ውስጥ ይገባል ብሎ ሲወስን፣ በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ጃክሰን ሐረጉ ወሰኑ የማይታወቅ ስለ ሆነ ሰውን ከአገር ለማስወጣት መሠረት ሊሆን አይገባውም ብለው ተከራክረዋል። የዳኛው ክርክር ዛሬም ክብደቱን ያጣ አይመስለንም።

ጥያቄው በጽሑፍ የታዘዘው በ1893 ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ እያንዳንዱ መርከብ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ሲታዘዝ፣ ከስም፣ ከዕድሜ፣ ከሙያና በኪስ ከያዙት ገንዘብ ጋር፣ ሰውየው ከዚያ በፊት በወህኒ ቤት ወይም በድኆች መጠለያ ገብቶ እንደ ሆነ እንዲመዘገብ ተደነገገ። የመርከቡ ሹም ዝርዝሩ እውነት መሆኑን በአሜሪካ ቆንስል ፊት በመሐላ ያረጋግጥ ነበር። ድኅነትና እስራት በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን መጻፋቸው የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያል።

ከዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ ቅርብ የሆነ አንድ ታሪክ ማንሣት ይገባል። በጥቅምት 1913 ኤሜሊን ፓንክኸርስት በመርከብ ኒው ዮርክ ደረሱ። ሴትዮዋ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ፣ በዚሁ ትግል ምክንያትም በዚያው ዓመት በአገራቸው የሦስት ዓመት ጽኑ እስራት የተፈረደባቸው ነበሩ። በኤሊስ ደሴት የተሰየመው የምርመራ ጉባኤ የተፈረደባቸው ወንጀል የጠባይ ብልሹነት ያለበት ነው በማለት እንዲመለሱ ወሰነ። በ1907 የወጣው ሕግ የጠባይ ብልሹነት የሌለበትን ንጹሕ ፖለቲካዊ ጥፋት ከክልከላው ያወጣ ስለ ነበረ እርሳቸው በዚህ ላይ ተመርኩዘው ይግባኝ አሉ። ጉዳዩ እስከ ፕሬዚደንት ዊልሰን ድረስ ደርሶ፣ በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ ተለቀው የንግግር ጉዟቸውን እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። ልጃቸው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ያሳተሙ፣ በመጨረሻም አገራችን መጥተው የኖሩና በ1960 ዐርፈው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት። የእናትየው ፍርድ በጋዜጣ ሁሉ የታተመ ስለ ነበረ የሚሸሸግ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ክርክሩ በሙሉ ጥፋቱ ምን ዓይነት ነው በሚለው ላይ ብቻ አረፈ፤ እንዲህ ያለው ክርክር ደግሞ የሚረታ ክርክር ነው።

በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ጥያቄውን ከወደቡ ወደ ቆንስላው አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ስደተኛው ከመሳፈሩ በፊት ቪዛ እንዲያወጣ፣ ማመልከቻውን በመሐላ እንዲያረጋግጥ፣ የሚገኝ ከሆነም የወህኒ ቤት መዝገቡን ቅጂ እንዲያቀርብ ተገደደ። የቦታው መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። በወደብ የሚመረመር ሰው ቢያንስ በአገሩ መሬት ላይ ቆሞ ወደ ዳኛ ለመጮህ ዕድል ነበረው፤ በቆንስላ የሚጠየቅ ሰው ግን መልሱን የሚሰጠው በሩቅ አገር፣ ለአንድ ሹም፣ በአንድ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ የወረቀቱ መልስ ክብደት ጨመረ። በ1952 የወጣው ሕግም ይህንኑ አጸና፤ በማታለል ወይም መሠረታዊ የሆነን ነገር ሆን ብሎ አሳስቶ በመናገር ቪዛ ያገኘ ሰው ራሱን የቻለ የመከልከያ ምክንያት እንዲሆንበት ደነገገ። ክልከላው በዓመታት ብዛት የሚሻር አይደለም፤ ልዩ ምሕረት ካልተደረገለት በቀር ሰውየውን ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። በሕጉ የሚጠየቀውም ቪዛውን ያገኘው ብቻ ሳይሆን ለማግኘት የሞከረውም ነው።

በአንጻሩ በ1954 ሕግ አውጪው ለቀላል ጥፋት በር ከፈተ። አንድ ጊዜ ብቻ ያጠፋና ጥፋቱም አነስተኛ የሆነ ሰው እንዳይታገድ ፈቀደ። ይህ ድንጋጌ ተሻሽሎ ዛሬ በሚሠራበት መልኩ፣ ሰውየው ያጠፋው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ ለዚያ ጥፋት የሚፈቅደው ከፍተኛው ቅጣት ከአንድ ዓመት እስራት ካልበለጠና የተፈረደበትም ከስድስት ወር ካልበለጠ፣ የጠባይ ብልሹነት ያለበት ወንጀል እንኳ ቢሆን አያግደውም። ድንጋጌው አደንዛዥ ዕፅን አይጨምርም፤ የዚህን ነገር ከታች እናየዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «የለም» ብሎ የመለሰ ሰው ምን ይደርስበታል? ለዚህ ከሁሉ የሚያስተምረው ቻውንት የተባለው ሰው ጉዳይ ነው። ነገሩ ስለ ዜግነት እንጂ ስለ ቪዛ አይደለም፤ ነገር ግን የቪዛው ሕግ የተረጎመበትን መንገድ የከፈተው እርሱ ነው። ሰውየው በትውልዱ ሃንጋሪያዊ ሲሆን የአሜሪካን ዜግነት ያገኘው በ1940 ነበር። ለዜግነት ሲያመለክት በማናቸውም ሕግ ወይም የከተማ ደንብ በመተላለፍ ተይዞ እንደ ሆነ ተጠይቆ «የለም» አለ። በእውነቱ ግን ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ በኒው ሄቨን ከተማ ሦስት ጊዜ ተይዞ ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት በመበተኑ ሲሆን በነጻ ተለቀቀ። ሁለተኛው በከተማው አደባባይ ደንብ ተላልፎ ንግግር በማድረጉ ነበር። ሦስተኛው ጸጥታ በማደፍረስ ሲሆን ሃያ አምስት ዶላር ተቀጥቶ ይግባኝ ቢል ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው። መንግሥት በ1953 ዜግነቱ በማታለል የተገኘ ነው በማለት እንዲሰረዝ ክስ መሠረተ። የሥር ፍርድ ቤቱም፣ የይግባኙም ፍርድ ቤት ለመንግሥት ፈረዱ።

በ1960 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ድምፅ ለሦስት ውሳኔውን ሻረው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዳግላስ ናቸው። ሰውየው እውነቱን አለመናገሩን አልካዱም፤ ነገር ግን የተሸሸገው ነገር መሠረታዊ መሆኑ በሁለት መንገድ ካልተረጋገጠ በስተቀር ዜግነት አይሰረዝም አሉ። ወይ የተሸሸገው ነገር በራሱ ዜግነቱን የሚያስከለክል መሆን አለበት፤ ወይም ቢገለጥ ኖሮ ምርመራ አስከትሎ ሌላ የሚያስከለክል ነገር ሊያስገኝ የሚችል መሆን አለበት። ሦስቱ መያዞች ትንንሾች፣ ጊዜ ያለፈባቸውና የጠባይ ብልሹነት የማይታይባቸው ስለ ሆኑ የመጀመሪያውን አያሟሉም። ሁለተኛው ግን አከራካሪ ነበር። መንግሥት መያዞቹ ቢታወቁ ኖሮ የሰውየውን የኮሚኒስት ግንኙነት እንመረምር ነበር ሲል፣ ፍርድ ቤቱ ሰውየው በኮሚኒስት ፓርቲ ይመራል ይባል በነበረ የሠራተኞች ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ መሥራቱን ራሱ በቅጹ ላይ ገልጦ እንደ ነበረ አስታወሰ። ይህን ባይገልጥ ኖሮ መያዞቹን መሸሸጉ የበለጠ ክብደት ይኖረው እንደ ነበረም ዳኛው ጨምረው ጽፈዋል።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ሰውየውን ያዳነው ስለ መያዙ የሰጠው «የለም» ሳይሆን ስለ ሥራው በእውነት የሰጠው መልስ ነው። ያውም ለሃያ አምስት ዶላር ጉዳይ፣ ያውም ክሱ ለቀረበት ነገር፣ ሰባት ዓመት በሦስት ፍርድ ቤት ከተመላለሰ በኋላ። በሐሳብ የተለዩት ሦስቱ ዳኞች የያዙት ክርክርም የሚናቅ አይደለም፤ መርማሪው መሄጃ መንገዱን የሚያገኘው ከተጠያቂው መልስ ስለ ሆነ፣ መልሱን የሸሸገ ሰው ምርመራውን ራሱን ዘግቶታል ይላሉ።

በዓመቱ፣ በ1961፣ የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ ይኸው ሐሳብ ወደ ቪዛ ተሻገረ። እውነቱ ቢነገር ኖሮ ሰውየው የሚከለከል ከሆነ፣ ወይም ውሸቱ ሊያስከለክለው ይችል የነበረውን የምርመራ መንገድ የዘጋ ከሆነ፣ ነገሩ መሠረታዊ ነው ተባለ። ልዩነቱ ዜጋውን በሚከራከርበት ጊዜ የማስረዳቱ ሸክም በመንግሥት ላይ ሲሆን፣ ቪዛ የሚጠይቀው ሰው ግን ሸክሙን ራሱ መሸከሙ ነው። ስለዚህ ቻውንት የረታበትን ክርክር አንድ አመልካች በቆንስላ መስኮት ፊት ቆሞ እረታበታለሁ ቢል ተስፋው የመነመነ ነው።

«አዎን» ያለው ሰው ደግሞ ምን ይሆናል? ለዚህ የዓለም ሕዝብ የሚያውቀው ምሳሌ ሙዚቀኛው ጆን ሌነን ነው። በጥቅምት 1968 በለንደን በሚኖርበት ቤት ፖሊስ ፍተሻ አድርጎ ሐሺሽ አገኘ። በኅዳር ወር ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛነቱን አመነና መቶ አምሳ ፓውንድ ተቀጣ። እርሱ በኋላ እንደ ተናገረው ያመነው ዮኮ ኦኖ እንዳትከሰስ ብሎ ነው። (ፍተሻውን የመራው የፖሊስ ሹም ራሱ በሌላ ጉዳይ ተከሶ በ1973 አራት ዓመት ተፈርዶበታል።) ይህች ፍርድ ሌነን ወደ አሜሪካ በሄደ ቁጥር ልዩ ፈቃድ እንዲጠይቅ አስገደደችው፤ አደንዛዥ ዕፅ ከቀላል ጥፋት ማለፊያው ውጭ ነውና። በነሐሴ 1971 በዚሁ ልዩ ፈቃድ ኒው ዮርክ ገባ። የቆይታ ጊዜው በየካቲት 29 ቀን 1972 ሲያልቅ መንግሥት ከአገር ሊያስወጣው ክስ ጀመረ። በ1973 የኢሚግሬሽን ዳኛው በስድሳ ቀን ውስጥ እንዲወጣ ወሰነበት፤ በ1974 ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

በጥቅምት 7 ቀን 1975 ግን የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛ ካውፍማን የተመለከቱት የሌነንን ዝና ወይም ፖለቲካውን ብቻ አይደለም፤ የተፈረደበትን የእንግሊዝ ሕግ አንቀጽ ነው። ያ ሕግ ዕፁ በእጁ መኖሩን የማያውቀውን ሰው እንኳ የሚቀጣ ስለ ነበረ፣ የአሜሪካ ሕግ አውጪ እንዲህ ባለ ፍርድ ሰውን ለማገድ አላሰበም ብለው ተረጎሙ። ሌነን በሐምሌ 1976 የመኖሪያ ፈቃዱን ተቀበለ። ሙግቱ አራት ዓመት ስለ ፈጀ «አዎን» ማለት ነገርን ሁሉ ያቃልላል ልንል አንችልም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ መንግሥት «ዋሽተሃል» ብሎ ሊከሰው አልቻለም። ጠበቃው ሊዮን ዋይልድስ ስለ አንድ አንቀጽ ትርጉም ብቻ መከራከር የቻሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ እንደ ፓንክኸርስት ሁሉ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ የመጀመሪያው እንቅፋት ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ታሰረ» የሚለው ቃል ጣቢያ ያደረውንም፣ ክስ የሚጠብቀውንም፣ ተፈርዶበት ወህኒ የወረደውንም ይጠቀልላል። ይሁን እንጂ ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር ያጠብበዋል፤ በጠብ ተይዞ ማታውኑ በዋስ የወጣ ሰው «ተይዤ ነበር እንጂ አልታሰርኩም» ይላል፤ በቋንቋው ልማድም አልዋሸም። የእንግሊዝኛው «አሬስት» ግን መያዝ ነው እንጂ መታሰር አይደለም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥታችን ይህን በሚገባ ለይቶታል፤ በአንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች፣ በአንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች፣ በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለ ታሰሩ ሰዎች በየተራ ይናገራል። እንግዲህ ቅጹን የሚያነብለት ሰው «ታስረሃል ወይ?» ብሎ ሲተረጉምለት ባለጉዳዩ በቅን ልቡና «የለም» ሊል ይችላል። ሕጉ «ሆን ብሎ» ስለሚል በቅን ልቡና የተሳሳተ ሰው መከላከያ አለው፤ ዳሩ ግን ቅንነቱን ከዓመታት በኋላ ለማስረዳት መሞከር ከባድ ነገር ነው። «ተይዘህ ታውቃለህ?» ተብሎ ቢተረጎም ችግሩ ከሥሩ ይወገድ ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት የሕግ ነው። ከ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጀምሮ አገራችን መሰየም የተባለ ሥርዓት አላት፤ የ2004ቱ የወንጀል ሕግም አጽንቶታል። ቅጣቱን ፈጽሞ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው በፍርድ ሲሰየም ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዝለታል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንግሊዝም በ1974 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። የተሰየመ ሰው «ሕጉ እንዳልነበረ ቆጥሮልኛልና አልተፈረደብኝም» ቢል በአገሩ ትክክል ነው። የአሜሪካው ቅጽ ግን ምሕረት፣ ይቅርታ ወይም ይህን የመሰለ ነገር ቢደረግም እንኳ እንዲገለጥ በግልጽ ያዝዛል፤ የውጭ አገር መንግሥት የሰጠው ምሕረትም የመከልከያውን ምክንያት አያነሣም። ስለዚህ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ የያዘ ሰው ማስረጃው እውነተኛ ቢሆንም ለቅጹ ጥያቄ በቂ መልስ አይሆንለትም። ማስረጃው የሚናገረው መዝገቡ ዛሬ ስለሚያሳየው ነገር ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ሰውየው ስለሚያውቀው ነገር ነው።

በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን ያለ ክስ በየቀበሌው ታጉረው የነበሩት ወገኖቻችን ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ሱዳን ተሰደው፣ አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ለመርማሪ ቀርበዋል። መርማሪውን የሚፈራ፣ መታሰሩንም እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው «አልታሰርኩም» ለማለት ይቃጣው ይሆናል። ለጥገኝነት በሚቀርብ ጉዳይ ግን ያለ ፍርድ መታሰር ጥፋት ሳይሆን የስደቱ ምክንያት ነው፤ የሸሸገው ሰው የራሱን ማስረጃ በራሱ እጅ ይጥላል።

ጥያቄው እስከ የት ሊለጠጥ እንደሚችል በ2017 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ችሎት ላይ ታይቷል። ክርክሩ ስለ ባሏ የውትድርና አገልግሎት ዋሽታ በስደተኝነት ስለ ገባች፣ በኋላም ዜግነት ስላገኘች አንዲት የቦስኒያ ሰርብ ሴት ነበር። ዋና ዳኛው ሮበርትስ በዓመታት በፊት በሰዓት አምሳ አምስት ማይል በተወሰነ መንገድ ላይ ስድሳ ነድተው እንደሚያውቁ፣ እንዳልተያዙም አነሡና ይህንንም በቅጹ ላይ መጻፍ ነበረብኝ ወይ ሲሉ የመንግሥቱን ጠበቃ ጠየቁት። ጠበቃው አዎን አለ። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ዜግነት የሚሰረዘው ውሸቱ ለዜግነቱ መገኘት አስተዋጽኦ ካደረገ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ይህም ቢሆን ስለ ዜግነት የተሰጠ ፍርድ ነው፤ የቪዛ አመልካቹ አሁንም በ1961ዱ መለኪያ ይመዘናል።

እንግዲህ ባለጉዳዩ «አዎን» ብሎ ይጽፋል እንበል። ቆንስሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው የነገሩን መጨረሻ የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ነው፤ ከዚህ ላይ ሥራው የእኛ ይሆናል። ከሬጅስትራር የሚወጡ ብዙ ማስረጃዎች «መዝገቡ ተዘግቷል» ብለው ይቆማሉ። መዝገብ ግን የሚዘጋው ተከሳሹ ነጻ ሲባልም፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሲያነሣም፣ የግል ተበዳይ ታርቆ አቤቱታውን ሲተውም፣ ተፈርዶ ቅጣቱ ሲከፈልም ነው። እነዚህ አራቱ በቆንስሉ ዘንድ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በማስረጃው ላይ የተከሰሰበት አንቀጽ ቁጥር፣ አንቀጹ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት፣ የተፈረደው ቅጣትና ቀኑ በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል፤ የአንድ ዓመቱና የስድስት ወሩ ልክ የሚታየው ከእነርሱ ነውና። የክሱ አንቀጽ በእጅ እልፊት ብቻ ከሆነ፣ ያ ጥፋት ብዙ ጊዜ የጠባይ ብልሹነት ካለባቸው ወንጀሎች ስለማይቆጠር፣ አንቀጹ ከነትርጉሙ ከማስረጃው ጋር ቢያያዝ ቆንስሉን ከብዙ ጥርጣሬ ያድነዋል። ሰውየው ተይዞ ክስ ሳይመሠረትበት የተለቀቀ ከሆነና የፍርድ ቤት መዝገብ ከሌለው፣ ከያዘው ፖሊስ ጣቢያ የተያዘበትና የተለቀቀበት ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ እንዲያወጣ፣ ጣቢያው መዝገቡን ካላገኘም አለማግኘቱን በጽሑፍ እንዲሰጠው ማድረግ ይቻላል።